ቼኩን ከመቀበልህ በፊት

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። የሰው ሚኒባስ ከንጋት እስከ ምሽት ስትነዳ ያየሁህ ሰው ስለሆንኩ የሎተሪው ዕድል ለሚገባው ደረሰ ብያለሁ። እናትህ ትናንት በሩን ዘግታ በሹክሹክታ ነገረችኝ። እኔ ከሰማሁ ግን ሰፈሩም ሊሰማ የቀረው ትንሽ ነው፤ እናት ደስታን አፍና አታድርም፣ አይፈረድባትም። ስለዚህ የቀረችህን ጥቂት ቀን ተጠቀምባት። የምልህ ሁሉ ቢጨመቅ አንድ ነገር ነው፦ ማን ምን ያህል እንደሚያገኝ፣ ሰው ከመጠየቁ በፊት አንተ ወስነህ ጨርስ። ቼኩን በተቀበልክበት ዕለት መወሰን ብትጀምር ዘግይተሃል።

መጀመሪያ ትኬቱን። የወረቀት ትኬት ላይ ስምህ አልተጻፈም። ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሳውና ፎቶውን ለማንም አትላክ፤ በቴሌግራም ለአንድ ጓደኛ የተላከ ነገር ለሰፈሩ ሁሉ እንደተላከ ቁጠረው። በ605 የተቆረጠ የአድማስ ዲጂታል ዕጣ ከሆነ ደግሞ ትኬትህ ስልክህ ነውና ሲም ካርዱ በማን ስም እንደተመዘገበ ዛሬውኑ አረጋግጥ። ገንዘቡ የሚጠየቅበት ቀን ገደብ አለው፤ ስንት ቀን እንደቀረህ ራሱን ብሔራዊ ሎተሪን ጠይቅ እንጂ የሰፈር ወሬ አትመን። «ሽልማትህ እንዲለቀቅ መጀመሪያ ይህን ያህል ላክ» ብሎ የሚደውል ሰው ካለ ሌባ ነው፤ ስልኩን ዝጋው።

ቼክ ሲሰጥህ ካሜራ ይኖራል። ስምህ፣ ሥራህ፣ ሰፈርህ ከነፈገግታህ በዜና ይወጣል። አንዳንድ አገር አሸናፊ ስሙን መደበቅ ይችላል፤ እኛ ዘንድ ግን ሹፌሩ ሚሊዮነር ሆነ የሚለው ዜና ለሚቀጥለው ዕጣ ማስታወቂያ ነው። አድራሻህ በዝርዝር እንዳይነገር በትሕትና ጠይቅ፤ እሺ ካሉህ ጥሩ፣ ካላሉህም ከዚያ ቀን በፊት የቅርብ ቤተሰብህ ከአንተው አፍ ይስማ። አጎት የወንድሙን ልጅ ዕድል ከቴሌቪዥን የሰማ እንደሆነ ቂሙ ልጅ ልጅ ድረስ ይዘልቃል።

ከሁሉ በፊት የምታማክራት ግን ባለቤትህን ነው። ይህን የምለው ለፍቅር ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ፣ የጋራ እንደሆነ ይገምታል። ትኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ የሚል ጨዋታ አታምጣ። ከእሷ ተደብቆ ለወንድም የተሰጠ ገንዘብ ፍርድ ቤት ሲመጣ አይቻለሁ፤ ገንዘቡም ትዳሩም ወንድምነቱም በአንድ መዝገብ አለቀ።

ግብሩን አስቀድመህ ቀንሰህ አስብ። የ2008ቱ የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ በዕድል ሙከራ ሽልማት ላይ 15 በመቶ አስቀምጦ ነበር፤ ሕግ ይሻሻላልና ዛሬ ስንት እንደሆነ ቼኩን ከመቀበልህ በፊት ጠይቅ። ሰው የሚያወራው ጠቅላላውን ነው፤ አንተ ማውራት ያለብህ ኪስህ የሚገባውን ነው።

አሁን ወደ ባንኩ እንሂድ። ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚያ ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ብረዝምብህ ታገሠኝ። ሥራ አስኪያጁ ከመስታወቱ ክፍል ወጥቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ማኪያቶ አዝዞ ይቀበልሃል። ትናንት ወረፋ ቁጥር ይዘህ የቆምክበት ቅርንጫፍ ነው። ማኪያቶውን ጠጣ፣ ዕለቱን ግን አትፈርም። ሦስት ባንክ ዙርና በጊዜ ገደብ ለሚቀመጥ ገንዘብ ስንት ወለድ እንደሚሰጡ ጠይቅ፤ ትልቅ ገንዘብ ያለው ሰው ወለድ ይደራደራል፣ ይህን የማያውቅ ደንበኛ በተራ ቁጠባ ወለድ ይቀመጣል። ሁሉንም በአንድ ባንክ አታድርግ። የተቀማጭ መድን ፈንድ አለ፣ ግን ሲቋቋም ሽፋኑ በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ነበር፤ ለአንተ ገንዘብ ይህ ምንም ያህል አይደለም።

ውጭ አገር ለሎተሪ አሸናፊ የሚሰጠውን ምክር አንብቤያለሁ፦ «ለአንድ ዓመት ምንም አትንካ» ይላል። ለዶላር ጥሩ ምክር ነው። ለብር ግን ግማሹ ብቻ ይሠራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ክረምት ገንዘቡን በተራ ቁጠባ አስቀምጦ «ልረጋጋ» ያለ ሰው ምንም ሳያጠፋ ደኸየ። መቸኮሉ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ አንተ ብታፈስ ግን የሚለቅሙልህ ሌሎች ናቸው። እንግዲህ መሐሉን ያዝ፦ ለጥቂት ወራት በጊዜ ገደብ አስቀምጥ፣ በእነዚያ ወራት እያየህ፣ እየጠየቅህ፣ ወረቀት እያስመረመርህ ቆይ፣ ከዚያ ወደ ንብረት ግባ።

መጀመሪያ የሚገዛው ንብረት የምትኖርበት ቤት ይሁን። ያለቀ፣ በር ያለው፣ ገብተህ ውኃውን ከፍተህ የምታየው ቤት። ገና ያልተቆፈረ መሬት ላይ የተሳለ ሥዕል አይተህ ቅድሚያ ክፍያ አትክፈል፤ በዚህ ከተማ ለቤት ከፍለው ለዓመታት በኪራይ ቤት ያረጁ ሰዎች ሞልተዋል። ካርታውን የምታምነው ሻጩ ስላሳየህ አይደለም፤ የክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄደህ እዳና እግድ እንደሌለበት ስታጣራ ነው። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም። ደላላው «ሌላ ገዢ አለኝ፣ ዛሬ ካልሆነ አመለጠህ» ካለህ ይምለጥ። ምሥረታ ላይ ነው የሚባል አክሲዮን ማኅበር ውስጥም አትግባ፤ ሲያተርፍ የታየ፣ ሂሳቡ የሚመረመር ድርጅት አክሲዮን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ዘመድ። ክፉ ስለሆኑ አይደለም የሚመጡት። የአክስትህ ልጅ የኩላሊት እጥበት በእውነት አለባት፣ የአጎትህ ጣሪያ በእውነት ያፈሳል። ችግራቸው እውነት ስለሆነ ነው «አይ» ማለት የሚያቅተው። የአንድ አውቶብስ ሙሉ ዘመድ እውነተኛ ችግር ደግሞ ከየትኛውም ሎተሪ ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ደብተር ግዛ። ከባለቤትህ ጋር ተቀመጡና ከቀረው ገንዘብ ስንቱ ለዘመድ እንደሚሆን ወስኑ። አሥር ከመቶም፣ ሃያም ቢሆን የእናንተ ጉዳይ ነው፤ ብቻ ቁጥር ይሁን፣ ልብ እንደፈቀደ አይሁን። ከዚያ ስም በስም ጻፉ። እናትህ ከላይ። ሲቸግርህ ያበደረህ፣ ያለኪራይ ያስጠጋህ ሰው ከሥጋ ዘመድ በላይ ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ለምን ጉዳይ እንደሆነ ይጻፍ፤ ለጣሪያ ከሆነ ቆርቆሮውንና የሠራተኛውን ክፈል፣ ለሕክምና ከሆነ ሆስፒታሉ ሂሳብ ክፍል ሄደህ ክፈል። አንድ ጊዜ ይሰጣል፣ በዚያው ይዘጋል።

ከደብተሩ ውጭ የመጣውን ሰው እንዲህ በለው፦ «ገንዘቡ በጊዜ ገደብ ታስሯል፣ የምሰጠውንም ከባለቤቴ ጋር ወስነን ጨርሰናል።» ሁለቱም እውነት ነው፤ መዋሸት የለብህም። ይህን ከተናገርክ በኋላ ዝም በል። ምክንያት መደርደር ከጀመርክ ለእያንዳንዱ ምክንያት መልስ ይዞ ይጠብቅሃል።

«አበድረኝ» የሚለው ከ«ስጠኝ» ይልቅ አደገኛ ነው። ለዘመድ አታበድር። ቢመለስም ባይመለስም ሰውየውን ታጣዋለህ፦ ካልመለሰ ሊያይህ ያፍራል፣ ከመለሰም ሚሊዮነር ሆኖ አስከፈለኝ ይላል። የግድ ካበደርክ በጽሑፍ አድርገው፤ ፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር ያለፈ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም ይላል። 500 ብር ትልቅ ገንዘብ በነበረበት በ1952 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ነው፣ ዛሬ ለአንድ ምሳ ብድር ሊሠራ ነው። ለማንም ዋስ አትሁን። ለማንም ጠቅላላ ውክልና አትስጥ፣ ለእኔም ቢሆን። በሂሳብህ ገንዘብ የሌለበትን ቼክ «ለመያዣ ብቻ ነው» ሲሉህ እንዳትፈርም፤ ስንቅ የሌለው ቼክ ወንጀል ነው፣ ያሳስራል።

የአሜሪካውን የጃክ ዊታከርን ታሪክ ያነሱልህ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2002 በፈረንጆች ገና ዕለት በወጣው ዕጣ ወደ 315 ሚሊዮን ዶላር የደረሰው የዌስት ቨርጂኒያ ሰው ነው። ድሃ አልነበረም፤ የሥራ ተቋራጭ ሆኖ ሚሊዮኖች የያዘ ሰው ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከመኪናው ውስጥ 545 ሺህ ዶላር ጥሬ ገንዘብ ተሰረቀበት፣ ገንዘብ ያዘነበላት የልጅ ልጁ እ.ኤ.አ. በ2004 ሞተች፣ ክሱም ተከታተለበት። ከዚህ የምወስድልህ ትንሽ ነገር ነው፦ ንግድ ማወቅ ብቻውን አላዳነውም፣ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መዞር ደግሞ ሞኝነት ነው።

ግን ሎተሪ መርገምት ነው የሚሉህንም አትስማ። ከአሸናፊዎች 70 በመቶው ይከስራሉ የሚለው ወሬ የተለጠፈበት የአሜሪካ የገንዘብ ትምህርት ተቋም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያለ ጥናት የለንም ብሎ አስተባብሏል። በስዊድን ሦስት ተመራማሪዎች ከ3 ሺህ በላይ የሎተሪ ተጫዋቾችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ትልቅ ገንዘብ የደረሳቸው ሰዎች ከአሥር ዓመት በኋላም በሕይወታቸው የበለጠ ረክተው ተገኝተዋል። ስዊድን ሕክምናም ጡረታም መንግሥት የሚሸፍንበት፣ የዘመድ አውቶብስ የማይመጣበት አገር ነው በለኝ፤ እሺ፣ ልክ ነህ። ለዚህ ነው ደብተር ግዛ የምልህ።

ሥራህን ወዲያው አትተው። ቢያንስ ለባለ መኪናው ሹፌር እስኪያገኝ ጊዜ ስጠው፤ ሲያሠራህ የኖረ ሰው ነው። ነጋዴ መሆን ካማረህ የምታውቀው መንገድ ላይ ነግድ። ጎማ ስንት ወር እንደሚቆይ፣ ረዳት እንዴት እንደሚደብቅ፣ ተራ አስከባሪ ስንት እንደሚወስድ ታውቃለህ። ስለ ሆቴል ምን ታውቃለህ?

ዕቁብህን እስከ መጨረሻው ጣል። አንተ ዕጣህን ወስደህ ከሆነ ይልቁንም፤ ሚሊዮን ደርሶት የሰው ዕቁብ ያቋረጠ ተብሎ መነሳት ለልጆችህም አይበጅም። ዕድርህ ላይ መዋጮህ ያው ይሁን፣ ድንኳንም ተሸከም። ስለት ካለብህ ግን አታቆየው። ቁልቢ ለገብርኤል የተሳልከውን ያህል ስጥ፣ ሰው እያየህ አትጨምርበት፤ ምስክር ፊት የሚያድግ ስለት ሌላ ነገር ነው።

አንድ የሚያስደነግጥህ ነገር ልጨምር፤ በዚህ ሳምንት ኑዛዜ ጻፍ። መንገድ ላይ የምትውል ሰው ነህ፣ ሁለት ልጆች አሉህ። ሕጉ በገዛ እጅህ ሙሉ በሙሉ ተጽፎ፣ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ተመልክቶ፣ ቀኑ ሰፍሮበት የተፈረመን ይቀበላል፤ በሌላ ሰው እጅ ወይም በኮምፒውተር የምታስጽፈው ከሆነ አራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። የባለቤትህ ድርሻ የሷ ነውና በኑዛዜው አትንካው። ከአንድ በላይ ወረቀት ከሆነ በየወረቀቱ ኑዛዜ መሆኑን ጻፍበት። አንዱን ቅጂ ለእሷ ስጣት፣ ሌላውን ጠበቃህ ዘንድ አኑረው፤ ጠበቃ ከሌለህ ነገ ከሥራ በፊት እኔ ቤት እለፍ፣ የማምነውን አገናኝሃለሁ።