ወር ጠብቆ ወይስ በቁርጥ?

ልጄ፣ ክሊኒኩ በአስተርጓሚነት በወር ሊይዝህ ነው፤ ጓደኞችህ ደግሞ ገዳሪፍ ሜዳ ላይ የሰሊጥ አጨዳ በቁርጥ ይዘው «ና» ይሉሃል። የቱን ልያዝ ብለህ ከጠየቅኸኝ አይቀር፣ ለወሩ ሥራ በሚሰጡት «ቋሚ» በሚለው ስም እንጀምር።

አገር ቤት፣ ኢትዮጵያ ብትሆን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከጀርባህ አለ፤ ያለ በቂ ምክንያት ቢያሰናብቱህ ከስሰህ ትሟገታለህ። እዚህ ሱዳን፣ ቱነይድባ ካምፕ ለስደተኛ የሚከፈለው ግን ደመወዝ ሳይሆን ኢንሴንቲቭ ነው። ጡረታ የለው፤ ዕድሜውም የፕሮጀክቱን ያህል ነው። በጥር 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ድንገት ስታቆም ስንት ድርጅት ሠራተኛ በተነ! ትእዛዙን የፈረመው ሰው የእኛን ድንኳን በዓይኑ አላየም። ደግሞ በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የሱዳን ገንዘብ ጊኒው ወድቋል። ወርሃዊው ቁጥር እዚያው ሲቀመጥ ማሽላው ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል።

ይህን ስልህ ቁርጡን ያሞገስኩ እንዳይመስልህ። ሰሊጥ ከደረሰ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል። ባለ እርሻው እንቅልፍ የሚያጣው፣ አንተን የሚለማመጠው፣ በዚያች አጭር ሰሞን ነው። ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላው (የነዶው ክምር) ከቆመ በኋላ ለማኙ አንተ ትሆናለህ። ስለዚህ በፌዳን ስንት እንደሆነ፣ ውሃውና ምግቡ ከማን እንደሆነ፣ መኪናው የማን እንደሆነ፣ ከክፍያው ምን ያህሉ በቅድሚያ እንደሚሰጥ ማጭዱ ሳይነሣ በሽማግሌ ፊት ይነገር። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለዚህ ነው። ከካምፕ ለመውጣት ፈቃድ እንደሚያስፈልግም አትርሳ። ግራር ሥር፣ በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ፣ ያለ አጎበር ማደር ለካላዛር በሽታ ያጋልጣል፤ መተማና ሑመራ የወረዱ ሳሉጎች (የወቅት ሠራተኞች) ስንቶቹ በዚህ ቀሩ! በቁርጥ ሥራ ላይ የታመምህበትን ቀን የሚከፍልህ የለም።

እናትህ መድኃኒት ላይ ናት፤ የወር ወጪዋ ደግሞ ሰሊጥ እስኪደርስ አይጠብቅም። ስለዚህ እኔ ብሆን ክሊኒኩን እይዛለሁ። ይህ ማለት ግን ሰሊጡን ትተዋለህ ማለት አይደለም፤ አንተ የምትሸጠው ጉልበትህን ብቻ ይመስልሃል። ጓደኞችህ ማጭድ አላቸው፤ የሚጎድላቸው ከባለ እርሻው ጋር ተከራክሮ ዋጋ የሚቆርጥላቸው፣ ውሉን በዐረብኛ የሚጽፍላቸው ሰው ነው። ይህ ያንተ ሙያ ነው። እየተዋዋልህላቸው ድርሻህን ተቀበል፤ በነፃ አታድርገው፣ በነፃ የተሠራ ሥራ ውለታ እንጂ ሙያ አይባልም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እንደሚሉ አውቃለሁ። ተረቱ የተተረተው መሬቱ ለማይናወጥበት ሰው ይመስለኛል፤ እዚህ ባንዱ ዛፍ ብቻ የተንጠለጠለ ሰው አይቼ ሥጋት ይገባኛል።

ነገ ክሊኒኩ ዘንድ ስትሄድ ከመፈረምህ በፊት ውሉ የሚያበቃበትን ቀን በጽሑፍ እንዲያሳዩህ ጠይቅ። ዓርብ ዓርብ ያንተ መሆኑንም አረጋግጥ፤ ባለ እርሻዎቹ ለውል የሚመቻቸው ያን ቀን ነው። ታናሽ ወንድምህን ግን ከአጫጆቹ ጋር ላከው፣ አጎበሩን አስይዘህ።