«የለኝም»

ቤት ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅም ሰው ከአማርኛ ቃላት ሁሉ አብዝቶ የሚናገረው የትኛውን ነው ብትሉኝ፣ «የለኝም» የሚለውን ነው እላችኋለሁ። አሸዋና ሲሚንቶ ከመምጣቱ በፊት የቤቱ መሠረት የሚጣለው በዚህ ቃል ነው። ለልጅ አዲስ ጫማ የለኝም፤ ለባልደረባ ሠርግ መዋጮ የለኝም፤ ከገጠር ለመጣ ዘመድ የለኝም። ገንዘቡ ግን አለ። ባንክ ተቀምጧል፤ ደብተሩም መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ለመሆኑ ይህ ሰው ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

በጥር 2009 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ የምትኖር አክስቴ ልጇን ላከችብኝ። ቀዶ ሕክምና ታዝዞላት 8 ሺህ ብር ጎድሏታል። ልጁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያዟዟረ መልእክቱን አደረሰ። በዚያን ቀን ባንክ ውስጥ 43 ሺህ ብር ነበረኝ። «ወንድሜ፣ የለኝም» አልኩት። ከኪሴ 500 ብር አውጥቼ «እጄ ላይ ያለው ይኼው ነው» ብዬ ሰጠሁት። መርቆኝ ሄደ። አክስቴም ላሟን ሸጣ ታከመች፤ ዳነችም። ማንም አልሞተም። ነገሩን ዛሬ በእርጋታ ላወራው የቻልኩትም ስለዚህ ነው።

ቆጣቢን ለመውቀስ እንዳልተነሣሁ ግን ይታወቅልኝ። አከራዩ «ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ» ባሉ ቁጥር ዕቃውን ጭኖ ሰፈር የሚቀይር፣ ልጆቹን በዓመቱ አጋማሽ ከትምህርት ቤት የሚያዛውር ሰው ስለ ቤት ቢያልም ስስታም ሊባል አይገባውም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ቤት ማግኘት የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የተራና የዕጣ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። የቀበሌ ቤት የደረሰው በጥቂት ብር ኪራይ ኖረ፤ ያልደረሰው ጠበቀ። በ1997 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ተደረገ፤ በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 ሲደገም ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተሰለፈ። እኔ በ1997 ተመዝግቤ በ2005 ዳግም ከተመዘገቡት አንዱ ነኝ። ለባለአንድ መኝታ በወር 274 ብር እቆጥብ ነበር፤ በ5 ዓመት 16,440 ብር ይሆናል። ለቀሪው የቅድሚያ ክፍያና ለማጠናቀቂያ ብዬ ደግሞ ከዚያ በላይ የቻልኩትን አስቀምጥ ነበር። የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ ሲያልፍ ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ የተደነገገው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የቆጠበውን ገንዘብ በየወሩ እያነሰ የሚያይ ሰው አንዲት ብር ለማውጣት እጁ ቢንቀጠቀጥ አይፈረድበትም።

ደግሞም ለጠየቀው ሁሉ የሰጠ ሰው በስተርጅናው ራሱ ጠያቂ ይሆናል። ለዘመድ ሲል ልጆቹን በየኪራይ ቤቱ ሲያንከራትት የኖረን ደግ ሰው አውቃለሁ፤ ልጆቹ ግን ስለ ደግነቱ ሲናገሩ ፊታቸው አይፈካም። ስለዚህ የምከራከረው ስለ መንፈግ አይደለም። ስለ ቃሉ ነው።

ያኔ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት እንዲህ የሚል ነበር። ደመወዝ በወጣ ማታ ከባለቤቴ ጋር ጠረጴዛ ከበን ገንዘቡን በየፖስታው እንከፍላለን። በአንዱ ላይ ኪራይ፣ በአንዱ ጤፍና ዘይት፣ በአንዱ ትራንስፖርት፣ በአንዱ የልጅ ትምህርት ቤት ተጽፏል፤ በመጨረሻው ላይ «ቤት» ይላል። ተከፍሎ ሲያበቃ ጠረጴዛው ባዶ ይሆናል። ታዲያ ሁሉም ብር ባለቤት ካገኘ፣ ለአክስቴ ልጅ «የለኝም» ማለቴ እውነት አይደለምን? ይህ ምክንያት ብዙ ሌሊት አስተኝቶኛል። ያፈረሰብኝ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ ስለ ቁርባን የተጻፈው ነው። ለአባትና ለእናት ሊደርስ የሚገባውን ገንዘብ ለእግዚአብሔር የተለየ ነው ብለው የሚያስቀሩ ሰዎች ነበሩ፤ ኢየሱስም ይህን የሚፈቅዱትን ገሠጻቸው። ገንዘቡ አለ፤ ግን ስም ስለወጣለት ለወላጅ አይደርስም። የእኔም ፖስታ እንዲሁ ነበር። እነርሱ ቢያንስ ያመካኙት በእግዚአብሔር ነው፤ እኔ በሲሚንቶ። በፖስታው ላይ «ቤት» ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ። «ዘመድ» የሚል ፖስታ እንዳይኖር ያደረግሁትም እኔው ነኝ።

በእስልምና በኩል ያለው ሥርዓት ይበልጥ ግልጽ ነው። ከተወሰነው ልክ ያለፈና ዓመት የሞላው ገንዘብ ከመቶ 2.5 ዘካ ይወጣበታል፤ ለቤት መግዣ ነው ብሎ ማመካኘት በአብዛኞቹ ሊቃውንት ዘንድ ከዘካ አያስመልጥም። የቀረውን ቆጣቢው ይቆጥብ። ደስ የሚለኝ የመጠኑ ማነስ ወይም መብዛት አይደለም። ገንዘቡ መኖሩ መታመኑ ነው፤ ዘካ የሚያወጣ ሰው «የለኝም» ሊል አይችልምና።

ዕቁብም በመንገዱ ብልህ ነው። ዕቁብተኛ «ዕቁብ ላይ ነው» ሲል እውነቱን ነው፤ ገንዘቡ በዕለቱ ዕጣ በወጣለት ሰው እጅ ነው። ከአባላቱ አንዱ ከባድ ችግር ቢያጋጥመው ደግሞ ባለዕጣው ተራውን ሊለቅለት ይችላል። የባንክ ደብተር ግን ዳኛ የለውም፤ ጸሐፊም የለውም፤ እኔና እርሱ ብቻችንን ነን። በትልቅ ዕቁብ ቤት የገዙ የመርካቶ ነጋዴዎች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ እኔ የማወራው ስለ ደመወዝተኛ ነው።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ባጫውተው ሳቀብኝ። «አንተ ሰው፣ ‹የለኝም› እኮ ውሸት አይደለም፤ ጨዋነት ነው። ‹አለኝ ግን አልሰጥህም› ብትለው ፊቱን በጥፊ መምታት ነበር። ሰጪም ጠያቂም የቃሉን ትርጉም ያውቁታል» አለኝ። በብዙ ቦታ እውነቱን ነው። አማርኛችን ሰውን ሳያሳፍር መመለስን ያውቅበታል። ዳሩ ግን ሁለታችንም የምናውቀው ቢሆን ኖሮ ደብተሩን ለምን ቆለፍኩበት? የአክስቴ ልጅስ ከበራፌ ሲወጣ «አይዞህ፣ ያልፋል፤ አንተም ተቸግረሃል ለካ» ለምን አለኝ? ልጁ ቃሉን እንደ ጨዋነት አልሰማውም። አመነኝ። አገሩ ገብቶም ለእናቱ እንደተቸገርኩ ነገራት፤ እርሷም ታማ በተኛችበት ለእኔ ስትጸልይ ከረመች።

የበደሌ ልክ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። 8 ሺህ ብሩን መንፈግ ምናልባት መብቴ ነበር። አዘኔታቸውን መውሰድ ግን መብቴ አልነበረም። ሰው በነፈግነው ጊዜ በእኛ የመቀየም መብት አለው፤ «ያለው ሲሆን ነፈገኝ» ብሎ ለጎረቤት ማውራት፣ ዓመት ያህል ማኩረፍ፣ ከዚያም ቢፈልግ ይቅር ማለት ይችላል። «የለኝም» ይህን ሁሉ ነጠቀው። እኔ ቤቴንም፣ ገንዘቤንም፣ መልካም ስሜንም ይዤ ቀረሁ፤ እነርሱ ላሚቱንም ፍርዱንም አጡ። «አለኝ፤ ለቤት ያስቀመጥኩት ነው፤ ከዚያ 2 ሺህ እሰጥሃለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን ልነካው አልፈልግም» ማለት ነበረብኝ። «አልችልም» እንኳ ማለት አይገባኝም ነበር፤ እችል ነበርና። ይህን ማለት ያሳፍራል። ኀፍረቱ ግን የእኔ ድርሻ ነበር፤ ከቤቱ ዋጋ ጋር መከፈል የነበረበት።

ዕጣው በ2011 ዓ.ም. ደረሰኝ። ወለሉንና የውስጥ በሮቹን ጨርሰን ለመግባት ሌላ ሁለት ዓመት ፈጀብን። አክስቴ ልትጠይቀን የመጣችው በገባን በሦስተኛው ወር ነው። አራት ፎቅ ደረጃ እያረፈች ወጥታ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ «ቤቶች!» ብላ ቆመች።

«ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቢ እትዬ» አልኳት።

መቃኑን ሳመች። ክፍሎቹን አንድ በአንድ አየች፤ የቧንቧውን ውኃ ከፍታ ዘጋች። ያኔ ስለነበረው ገንዘብ ልነግራት ብዬ ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ እስከ ዛሬም አልነገርኳትም። «ያን ጊዜ ችግር ላይ ነህ ብሎ ቢነግረኝ እንዴት እንደጸለይኩልህ! ይኸው ሰማኝ» አለች። ቀጥላም የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች፦

«ባዶ እጄን መጣሁብህ ልጄ። ላሚቱ ከሄደች ወዲህ ቅቤ እንኳ የለኝም፤ አትቀየመኝ» አለችኝ።