በብርድ ወራት ቤትን ስለ ማደስ

ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን ከአራት ትከፍለዋለች። ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ክረምት ይባላል፤ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው መፀው ይባላል፤ ከዚያም በጋና ጸደይ በየተራቸው ይከተላሉ። በደጋ ለሚኖር ሰው ብርድ የሚበረታበት በነዚህ በሁለቱ በፊተኞቹ ወራት ነው፤ ነገር ግን ብርዳቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የክረምት ብርድ ከውሃ ጋር የሚመጣ ነው፤ ከላይ በክዳን ይሰርጋል፤ ከታች በመሠረት ይሳባል። የመፀው ብርድ ግን ደረቅ ነው፤ ቀን ፀሐይ ሲያቃጥል ይውልና ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ውርጭ ይወርዳል፤ ይህም በግድግዳ ስንጥቅና በመዝጊያ ሥር ይገባል። ስለዚህ የደገኛ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ይታያል፤ ዝናብ ሳይገባ ክዳኑ፤ ዝናብ ሲያባራ ደግሞ ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ግድግዳውና ወለሉ።

ሥራው ለለመደው ሰው ቀላል፤ ለማያውቀው ግን ብዙ ነው። ለምርጊት የሚሆነው አፈር ተቆፍሮ፤ የጤፍ ጭድ ወይም ሌላ ገለባ ተጨምሮበት፤ በውሃ ተለውሶና በእግር ተረግጦ፤ ጥቂት ቀን እንዲብላላ ይተዋል፤ ያልተብላላ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና። ምርጊቱ ከደረቀ በኋላ ሴቶች ወለሉንና መደቡን በእበት ይለቀልቁታል፤ ነጭ ወይም ቀይ አፈር በሚገኝበት አገርም ግድግዳውን በዚያ ይቀቡታል። አጎዛውና ጀንዲው ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል፤ ይራገፋል፤ ባናውና በርኖሱም ከተሰቀለበት ይወርዳል። ምድጃው ይጠገናል፤ ጉልቻውም ይስተካከላል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አይጣፍጥም የሚለው ተረት ለወጥ የሚሠራ ነው፤ ለብርድ ግን አይሠራም፤ ምድጃው ወደ ቤቱ መካከል ሲጠጋ ሙቀቱ በመደቡ ላይ ላለችው አሮጊትም በጋጣው ውስጥ ላለው ጥጃም ይደርሳልና።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ምን ዓይነት ሥራ እየሠራ ነው? ጽድቅ ነውን? ወይስ ለሚያልፍ ዓለም መጨነቅ ነው? ወይስ እንደ መብላትና እንደ መተኛት ያለ፤ ምስጋናም ነቀፌታም የሌለበት ነገር ነው?

ይህን ዓለም ንቀው በረሃ የወረዱት አባቶች ከዋሻና ከዛፍ ሥር በቀር ቤት አልነበራቸውም፤ ስለዚህ ቤቱን የሚያሳምር ሰው ልቡን በምድር ላይ ይተክላል የሚሉ ሰዎች አሉ። ንግግራቸው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ። መነኩሴው ብርድን የመረጠው ለገዛ ሥጋው ነው። ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ክዳኑ ሲያፈስ ዝም ብሎ ቢቀመጥና ይህ ዓለም ኀላፊ ነው ቢል፤ ብርድን የሚመርጠው በራሱ ሥጋ ብቻ ሳይሆን በሌላ ሰው ሥጋ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስለው ሕፃን ምናኔን አልመረጠም። እንዲህ ያለው አባት ተጋዳይ ሊባል አይችልም፤ ሰነፍ ሊባል ግን ይችላል። ስለዚህ ቤትን ማሞቅ ቢያንስ ለቤተ ሰብ አስተዳዳሪ የተጣለበት ዕዳ ነው። ክርክሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ይኸውም ዕዳው የት ላይ ያልቃል፤ የማንስ ገንዘብ ነው የሚከፈልበት የሚለው ነው።

በሰሜን ሸዋ በመንዝ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ጓሳ የሚባል ሰፊ የሣር ምድር አለ። በዚያ የሚበቅለውንና በዚሁ ስም የሚጠራውን ሣር የአገሩ ሰው ቤት ይከድንበታል፤ ገመድም ይገምድበታል። በዚያ ከፍታ ላይ ሌሊቱ እጅግ ብርቱ ስለ ሆነ ያለ ጥሩ ክዳን ማደር የሚሞከር አይደለም። ታዲያ ይህ መሬት ለብዙ ዘመን የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም ነበር። ሕዝቡ ራሱ በመረጣቸው ጠባቂዎች ሥር ሆኖ፤ ሣሩ እስኪደርስ ድረስ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሲደርስም ይከፈትና ድርሻ ያለው ሁሉ በአንድ ወቅት ያጭዳል፤ ከዚያም እንደ ገና ይዘጋል። ይህ ሥርዐት በ1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት አዋጅ በታወጀ ጊዜ ፈረሰ፤ ኋላም የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ ይዞታል።

በዚህ ነገር ውስጥ ጠለቅ ያለ ትምህርት አለ። ሣሩ ሳይደርስ ሌሊት ሄዶ የሚያጭድ ሰው ሌባ ይባላል፤ ነገር ግን የሰረቀው ከማን ቤት ነው ቢባል የተሰበረ በር፤ የተከፈተ ሙዳይ አይገኝም። የሰረቀው ከሚመጣው ዓመት ክዳን ነው፤ ምናልባትም ገና ጎጆ ካልወጣ ሙሽራ ቤት ነው። እንዲሁም ከድርሻው በላይ አጭዶ ክዳኑን ለጌጥ ብቻ የሚያወፍር ሰው፤ የወፈረለት ሌላው በሳሳበት መጠን ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግን ቀጭን ክዳን ሁሉ ትሕትና ነው ማለት አይገባም፤ በስስት ወይም በስንፍና በስሱ የተከደነ ቤት ቶሎ ይበሰብሳልና ባለቤቱ ቶሎ ተመልሶ ከዚያው ከጋራው ሣር ያጭዳል። አንድ ጊዜ በደንብ መክደን ለጎረቤትም ይጠቅማል። በቃኝ ማለት የሚለካው በውፍረትና በቅጥነት ብቻ አይደለም።

ከሣሩ ይልቅ የሚከብደው ግን የሰው እጅ ነው። ቤት መክደን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ አንዱ ከላይ ሆኖ ይከድናል፤ ሌላው ከታች ነዶውን ያቀብላል፤ ሌላው ማገሩን ያስራል። ስለዚህ ጎረቤት በደቦ ይጠራል፤ ባለቤቱም ጠላ ይጠምቃል፤ እንጀራ ያስጋግራል። ይህ ልማድ ያማረ ነው፤ ሥራውም እንደ በዓል ይሆናል። ጠላው ክብር ነው እንጂ ደመወዝ አይደለም ይባላል። ይህ አባባል እውነት መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው ግን ጠላ በሌለበት ደጅ ነው። ባልዋ የሞተባት፤ ልጅዋ ከተማ የገባባት፤ ጌሾና ብቅል የምትገዛበት ገንዘብ የሌላት ባልቴት ደቦ ልጥራ ብትል ማን ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥያቄው እስከዚህ አይደርስም፤ እርስዋ አትጠራምና። ባዶ እጄን ሰው ሰብስቤ ምን አቀርባለሁ ብላ ይሉኝታ ይይዛታል፤ ሰዎቹም አልጠራችንም ብለው ያልፋሉ። እንዲህ ሁለቱም ወገን በጨዋነት ሲጠባበቁ ሐምሌ ይገባል፤ ባልቴቲቱም ውሃ በሚንጠባጠብበት ሥር ገንቦ እያኖረች፤ አልጋዋን ከአንዱ ማእዘን ወደ ሌላው እየሳበች ታድራለች። በዚህ ሰፈር ማንም ክፉ ነገር አላደረገም፤ ክፉ ነገር ግን ተደርጎአል።

ነቢዩ ሐጌ ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱትን ሰዎች የወቀሳቸው፤ የራሳቸውን ቤት በእንጨት ሥራ አስጊጠው የእግዚአብሔርን ቤት ፍርስራሽ አድርገው ስለ ተዉት ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ዮሐንስ አፈ ወርቅ ደግሞ ነገሩን ወደ ሌላ ወገን መለሰው፤ መሠዊያውን በወርቅና በሐር አልብሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ የታረዘውን ድኻ የሚያልፉትን ሰዎች፤ በውስጥ የምታከብሩት እርሱ በውጭ ይበርደዋል ሲል ገሠጻቸው። ሁለቱ አይጣሉም። አንዱ የራስን ቤት ብቻ ማየትን ነቀፈ፤ ሌላው የእግዚአብሔርን ቤት ምክንያት አድርጎ የሰውን ቤት አለማየትን ነቀፈ። ባልቴቲቱ የምትኖርበት አጥቢያ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ በቆርቆሮ ለመለወጥ ገንዘብ ሲያዋጣ ይህን የመሰለ ጉባኤ አንድ ቀን እንኳ ስለ እርስዋ ክዳን ቢነጋገር ከቆርቆሮው የሚጎድል ነገር አይኖርም።

ቤትን የማጽዳት ነገርም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጥም። በ1911 ዓ. ም. በኅዳር ወር፤ ዓለሙን ሁሉ የዞረው ጉንፋን አዲስ አበባ ገብቶ እጅግ ብዙ ሰው ፈጀ፤ ሕዝቡም የኅዳር በሽታ አለው። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን፤ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፤ ቤትና ደጅን ጠርጎ ጥራጊውን ማቃጠል ልማድ ሆነ፤ ኅዳር ሲታጠንም ይባላል። የልማዱ ሐሳብ መልካም ነው፤ አንድ ቤት ብቻውን ከበሽታ አይድንም ማለት ነውና። ይሁን እንጂ ጥራጊውን ከአጥሩ አውጥቶ በጎረቤቱ አጥር ሥር የሚያቃጥል ሰው በየዓመቱ አይጠፋም። ዛሬ ደግሞ ከቅጠሉና ከገለባው ጋር ላስቲክ ስለሚቃጠል ጢሱ ራሱ ለሳንባ ጎጂ ሆኖአል።

በከተማ ነገሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይለወጥም። በእበት ፈንታ ሲሚንቶ፤ በአጎዛ ፈንታ ምንጣፍ፤ በቄጤማ ፈንታ መጋረጃ ሆኖአል። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ሲጸና መስኮቱ ይደፈናል፤ የበሩ ሥር በጨርቅ ይወተፋል፤ ከሰል በማንደጃ ተቀጣጥሎ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ታይቶአል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም፤ ሰውን በእንቅልፍ ላይ እንዳለ ይገድለዋል። ብርድ እንዳይገባ ተብሎ የተደፈነው ቀዳዳ ሕይወት የሚገባበት ሆኖ ይገኛል። የቀድሞው ጎጆ በሣሩ መካከል ጢሱን ያሳልፍ ስለ ነበር እንዲህ ያለ ሞት እምብዛም አይታወቅበትም፤ ጢሱም ክዳኑን ከነቀዝ ይጠብቅ ነበር፤ እርግጥ የእናቶችን ዐይን አጥፍቶአል፤ የሕፃናቱንም ደረት ጎድቶአል፤ የቀድሞውን ሁሉ ማወደስ አይገባም። ነገር ግን ጎጆው ፈጽሞ የማይዘጋ ነበር፤ ከውጭ የሚጣራ ሰው ድምፅም በግልጥ ይሰማበት ነበር።

ቤት ባማረ ጊዜ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል፤ ባለቤቱ ለቤቱ መሳሳት ይጀምራል። ብርዱን ለመከላከል የተነጠፈው ምንጣፍ እንዳይቆሽሽ ሲባል ከብርድ የመጣ ሰው በበሩ ላይ ይቆማል። ይህ ሀብታሞችን ብቻ የሚመለከት ነገር አይደለም፤ በጣም ድኻ በሆነ ቤትም ይሆናል።

አንዲት የገጠር ሴት ለመስቀል ዋዜማ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ወለልዋን ስትለቀልቅ ዋለች። ወለሉ ገና አልደረቀም ነበር፤ ዝናብም ያባራ መስሎ ተመልሶ መጣ። ሊመሽ ሲል አንድ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን በራሱ ላይ ደፍቶ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፤ ከደጁ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም አለ። ሴቲቱ አስቀድማ ወለሉን አየች፤ ከዚያ በኋላ ልጁን አየች። ባልዋ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ምንም አልተናገረም።

«ግባ የኔ ልጅ» አለችው።

ልጁም ወለሉን አየና «እሜቴ፤ እኔ እዚሁ ከደፉ ጥግ አድራለሁ፤ የለቀለቁትን አላበላሽም» አላት።

«ከደፉ ጥግ ውርጭ ይመታሃል። ግባ፤ ወለሉ የኔ ሥራ ነው» አለችው።

ልጁ በእግሩ ጣት እየረገጠ ገባ፤ ባልዋም ተነሥቶ አጎዛውን ከምድጃው አጠገብ ዘረጋለት። ትኩስ ሽሮ በላ፤ ደበሎው ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ሲተን አመሸ።

ሲነጋ ከደፉ እስከ ምድጃው ድረስ አምስት አምስት ጣት ያለው ዱካ በወለሉ ላይ ደርቆ ተገኘ። ሴቲቱ እበት በሸክላ ለውሳ ከደፉ ጀምራ እንደ ገና ለቀለቀች፤ ምድጃው አጠገብ ስትደርስ ግን ልጁ ገና አልነቃም ነበርና የመጨረሻውን ዱካ እንዳለ ትታ ተነሣች።