በጉድጓድ ውስጥ የሚንጠባጠብ ማር

ተረት ከተረት የሚወለድባቸውን አጫጭር የምናብ ልብ ወለዶች የሚወድ አንባቢ ጥቂት አይደለም። አንዱ ገጸ ባሕርይ «ስሙኝማ» ብሎ ይጀምራል፤ በእርሱ ታሪክ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ የራሱን ያመጣል፤ አንባቢውም መውጫው እስኪጠፋው ድረስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ይህ ከኑሮ መሸሽ ነው የሚሉ አሉ።

ለክሱ በአገራችን የቆየ ምስክር ይገኝለታል። እጨጌ ዕንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ. ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት «በረላም ወይዋስፍ» ምንጩ የቡድሃ ታሪክ ነው። መነኩሴው በረላም ልዑሉን የሚያስተምረው ተረት በተረት ላይ እየደረበ ነው። በአንዱ ተረት፣ ከአውሬ የሚሸሽ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቅና የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ይንጠለጠላል። ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ ነጭና ጥቁር አይጦች፣ ቀንና ሌሊት መሆናቸው ነው፣ የዛፉን ሥር ይቆረጥማሉ። ሰውየው ግን ከላይ የሚንጠባጠበውን ማር እየላሰ ሞቱን ይረሳል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ ማርን የሚያወግዘው ተረት ራሱ ማር ነው! ባይጣፍጠው ኖሮ ልዑሉ መች ይሰማው ነበር?

በ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» ነገሩ ይገለበጣል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለችው ተራኪዋ ሸህራዛድ ናት፤ ማሩን የሚልሰው ሊገድላት ያሰበው ንጉሥ ነው። ስለዚህ ማር ሁሉ አንድ ነው ብሎ መፍረድ ችኮላ ይመስለኛል። ማን፣ ለማን፣ በምን ጭንቅ ውስጥ ሆኖ እንደሚተርክ መጠየቅ ያሻል። የውጭኛው ታሪክ ይህን አያስረሳንም።

እንዲህ ያለ ተራኪ በመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። በአሶሳ ዞን የሚገኘው የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ በ1997 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሱዳንን ጦርነት ለሸሹ ሰዎች ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ውጊያው ብሉ ናይል ሲደርስ ሌሎች መጡ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ሱዳን ዳግም ስትታመስም በኩርሙክ በኩል ብዙዎች ወደዚያው ዞን ገቡ። ስደተኛ ከየት እንደመጣና ለምን እንደሸሸ ይጠየቃል። እርሱ ግን መንገድ ላይ ስለቀረው ወንድሙ ይጀምራል፤ ከዚያ ወንድሙ ስላወራለት አንድ ሽማግሌ ይቀጥላል። ቅጹ ለስም፣ ለቀንና ለቦታ እንጂ ለሽማግሌው መስመር የለውም። እኛም ብንሆን «ወደ ዋናው ጉዳይ ግባ» ሳንለው አንቀርም።

ሸህራዛድ እንዲህ ተብላ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዋን ንጋት ባላለፈች ነበር።