የሚወድ ዳኛ

ዘመዱ ከሚከራከርበት ችሎት ዳኛ እንዲነሣ ሕግ ያዝዛል። የሥነ ጥበብ ሊቅን ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ የሚወደውን ሥራ መርምሮ ዋጋውን እንዲነግረን እንሻለን፤ ፍቅር የሌለውንም ሊቅ ደረቅ ነው ብለን እንተወዋለን። እንግዲህ የሊቁ ፍቅር ብዙዎች በሚንቁት ነገር ላይ ያረፈ እንደ ሆነስ ፍርዱን እንቀበላለንን?

ይህን ጥያቄ ያስነሣው በኒው ዮርክ የጉገንሃይም ቤተ መዘክር ዲሬክተር የነበረው ቶማስ ክሬንስ ነው። ክሬንስ በሞተር ብስክሌት ፍቅር የተያዘ ነጂ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከመቶ የሚበልጡ ሞተሮችን አሰባስቦ፣ ሥዕልና ሐውልት በሚታይበት አዳራሽ በዘመናቸው ተራ አቆማቸው፤ አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪም ጠመዝማዛውን ግድግዳ በሚያብረቀርቅ ብረት አለበሰው። ከ300 ሺህ በላይ ሕዝብ ጐበኘው። ተቺዎች ግን፣ የኤግዚቢሽኑ ዋና የገንዘብ ደጋፊ ሞተር ሠሪው ቢ ኤም ደብልዩ ነበርና፣ የጥበብን ቤት ከንግድ ቤት ቀላቀለው ብለው ነቀፉት።

ስለ ገንዘቡ የቀረበው ወቀሳ ተገቢ ይመስለኛል፤ ሞተር ተራ ነገር ነው ተብሎ የቀረበው ግን አይመስለኝም። የሞተረኛ ስም በአሜሪካ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ1947 በሆሊስተር ከተማ ከተነሣው ረብሻና ማርሎን ብራንዶ በ1953 ከሠራው ፊልም በኋላ ነው። እኛም ዘንድ በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር ወንጀል በዛ ሲል በሞተሮች ላይ ገደብ ባደረገ ጊዜ፣ ከሳሊተ ምሕረት ወደ መሀል ከተማ ዕቃ አድርሶ እንጀራውን የሚበላውም ሰው ከቀማኛው ጋር አብሮ ታማ። ሌባ የተቀመጠበት ኮርቻ የጨዋ ሰውም ኮርቻ ነው።

የክሬንስን ፍቅር የምመዝነው በሌላ ነገር ነው። በኤግዚቢሽኑ ከቀረቡት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 «ኢዚ ራይደር» በተባለው ፊልም የታየው፣ የነዳጅ ታንኩ በአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ቀለም የተቀባው ሞተር አምሳያ ነበረ። ዋናውን ያዘጋጁት ጥቁር አሜሪካውያን ክሊፍ ቮስና ቤን ሃርዲ ናቸው፤ ፊልሙ ግን ስማቸውን አልጠራም። ሞተሩ በዓለም ሲታወቅ ሠሪዎቹ ብዙ ዘመን ተረስተው ቆዩ። በአገራችንም ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ስማቸውን አልጻፉም ይባል ይሆናል። ዳሩ ግን ስሙን ራሱ የተወ ሰውና ስሙን ሌላ ሰው የተወበት ሰው አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ወዳጅ የሆነ ሊቅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ የብረቱን ውበት ሳይሆን ብረቱን ያጐበጠውን እጅ ነው። የሚያብረቀርቅ ግድግዳ ይህን አይመልስለትም፤ ወደ ጋራዡ መውረድ አለበት።

ሃርዲ ኤግዚቢሽኑ ከመከፈቱ በፊት ሞተ። ለጥቁሮች መብት ትግል ፎቶግራፍ ያነሣ የነበረው ቮስ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከማረፉ በፊት፣ ስሙ ከሥራው ጋር ሲጠራ ለመስማት በቃ።