በቤት ለሚያስተምሩ እናቶች



በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፣ ብዙ እናቶች በአንድ እጃቸው ወጥ እያማሰሉ በሌላው የልጃቸውን ደብተር ይዘው ሲያስተምሩ አይተናል። ዛሬም በቤት የሚያስተምሩ እናቶች «ትዕግሥቴ አለቀ፤ ትምህርቱም አልተሟላም» ብለው ያዝናሉ። ኀዘናቸውን አናቃልልም።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ ወላጆች የልጆቻቸው ቀዳሚና ዋና አስተማሪዎች መሆናቸውን አስገንዝቦአል። ይህም ከቶ አይደክሙም፣ አይሳሳቱም ማለት አይደለም። የጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ ዘንድ እንደ ነበረ እናስታውስ።

እናቶች ሆይ፤ በቁጣ ከተናገራችሁ ልጃችሁን ይቅርታ ጠይቁ፤ በዚያን ቀን ከፊደል የሚበልጥ ትምህርት አስተምራችኋል። እኛም ባሎች፣ ጎረቤቶችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሁላችን፣ ሸክማቸውን ተካፍለን ጥቂት ዕረፍት እንስጣቸው።

የእግዚአብሔር ጸጋ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።