በትኬት የተገዛ ዕንባ

ሰው ለእናቱ ያለቀሰውን ለቅሶ መሸጥ ይችላል? እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ቀላል ይመስላል፦ ነውር ነው፣ አለቀ። እኔ ግን የሜክሲኮው ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ሁዋን ጋብሪኤል በቤያስ አርቴስ አዳራሽ የቀዳውን አልበም በሰማሁ ቁጥር ይሄ መልስ አልዋጥልህ ይለኛል።

ሁዋን ጋብሪኤል በ1950 እ.ኤ.አ. ሚቾአካን በተባለው የሜክሲኮ ግዛት ተወለደ። እናቱ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ድሃ ነበረች። ማሳደጉ ቢከብዳት ገና ትንሽ ልጅ ሳለ በሲውዳድ ሁዋሬዝ ከተማ ለሚገኝ የልጆች ማሳደጊያ ሰጠችው። ልጁ አደገ፤ ሰርቀሃል ተብሎ ታስሮ ወጣ፤ ዘፋኝ ሆነ። ስሙ መግነን በጀመረበት ጊዜ፣ በ1974፣ እናቱ ሞተች። “አሞር ኤተርኖ” ማለትም “ዘላለማዊ ፍቅር” የተባለውን ባላድ የጻፈው ለእሷ ነው።

በግንቦት 1990 እ.ኤ.አ. ይህን ዘፈን ይዞ ሜክሲኮ ሲቲ ወደሚገኘው ቤያስ አርቴስ ገባ። ቦታው የኦፔራና የክላሲካል ሙዚቃ አዳራሽ ስለሆነ “የፖፕ ዘፋኝ እዚህ ምን ይሠራል?” ያሉ ብዙዎች ነበሩ። እሱ ግን በብሔራዊው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ታጅቦ ዘፈነ። ተቀዳ፣ አልበም ሆነ፣ ተሸጠ። እንግዲህ አስቡት፦ ልምምድ የተደረገበት፣ መብራት የበራለት፣ ትኬት የተቆረጠለት ሐዘን ነው።

በዚህ ላይ ጠንካራውን ክስ ያቀረበው ቅዱስ አውግስጢኖስ ይመስለኛል። “ኑዛዜ” በተባለው መጽሐፉ፣ በልጅነቱ በግጥም ውስጥ ለሞተችው ዲዶ ማልቀሱን፣ ወጣት ሳለም ቲያትር ቤት ገብቶ በሰው ሐዘን መደሰቱን ይወቅሳል። ነጥቡ ግልጽ ነው፦ የመድረክ ሐዘን ተመልካቹን እንዲያዝን ይጋብዘዋል እንጂ ማንንም እንዲረዳ አይጠይቀውም። ክሱ ዛሬም አላረጀም። ስልካችን ላይ አንድ ቪዲዮ አይተን እናነባለን፣ ሼር እናደርጋለን፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ዕንባው ምንም አላስከፈለንም።

ግን እኛ አገር አልቃሽ የምትባል ሴት አለች። ሟቹን በቅጡ ላታውቀው ትችላለች፤ ይከፈላታልም። ሙሾ ስታወርድ ግን “አስመሳይ” የሚላት የለም። ሥራዋ የራሷን ዕንባ ማሳየት ሳይሆን የሐዘንተኛውን፣ ጉሮሮው ላይ የቀረውን፣ ማውጣት ነዋ! ለቅሶ ቤቱ የሚመዝናትም በዚሁ ነው።

“አሞር ኤተርኖ”ንም በዚህ ሚዛን ነው የማየው። ዘፈኑ ውስጥ የእናቱ ስም የለም፤ ስፍራው ክፍት ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ስፔናዊቷ ሮሲዮ ዱርካል ስትዘፍነው የሱ እናት ሐዘን በሌላ ሰው አፍ ገባ፤ ግን አልሞተም። በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ከሁዋሬዝ ወንዝ ማዶ ባለችው ኤል ፓሶ አንድ ታጣቂ ገበያተኞች ላይ ተኩሶ 23 ሰዎች ሲገደሉ፣ ሐዘንተኞች ይህንኑ ዘፈን ዘፈኑ። እነዚህ ሰዎች በሁዋን ጋብሪኤል እናት ሞት እያለቀሱ አልነበረም። የራሳቸውን ሟች ይዘው ነው የመጡት። የአውግስጢኖስ ክስ እነሱ ጋ አይደርስም።

እኛ ጋ ግን ሊደርስ ይችላል። አልቃሿን የሚሰማ ሰው ቢያንስ ለቅሶ ቤት ድረስ ሄዷል፤ ሐዘንተኛው አጠገቡ ተቀምጧል። በኢርፎን የሚሰማ ሰው ግን ብቻውን ነው። “እንዴት ሆደ ቡቡ ነኝ!” ብሎ ራሱን አድንቆ ሊተኛ ይችላል። ስለዚህ ጥፋት ካለ፣ ለቅሶውን ከሸጠው ይልቅ ገዝቶ ለብቻው ከበላው ዘንድ ብንፈልገው ይሻላል ባይ ነኝ።

አውግስጢኖስ ራሱ እናቱ ሞኒካ ስትሞት በሰው ፊት ማልቀስ አፍሮ ዕንባውን ዋጠ፤ በኋላ ለብቻው አለቀሰ። ከዚያም ያንን ለቅሶ ጽፎ ለማያውቃቸው አንባቢዎች ሰጠ፤ እናቱንም በጸሎት እንዲያስቡለት ጠየቀ። የእናቱን ሐዘን ለእንግዳ ሰው መስጠት ነውር ቢሆን ኖሮ እሱም ባላደረገው።

ሁዋን ጋብሪኤል በ2016 እ.ኤ.አ. አረፈ። ዘፈኑን ሰምቶ በሚያለቅስ ሰው አልፈርድም። ዘፈኑ ሲያልቅ ግን፣ ሰሞኑን ሐዘን የደረሰበት፣ “እደውልለታለሁ” እያልን ያቆየነው አንድ ሰው ይኖራል። ዕንባው ሳይደርቅ ብንደውልለት ጥሩ ነው።